በመንኮራኩሮች አካል ላይ የሚከሰት ንዝረትና ምንጩ የሚለይባቸው መንገዶች

የአሜሪካ የበረራና የህዋ አስተዳደር (ናሳ) ከአውሮፓ የህዋ ድርጅት ጋር በመተባበር ያሠራው ሃብል የተሰኘው የህዋ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ ኤፕሪል 24 ቀን 1990 ዲስከቨሪ በተባለችው መንኮራኩር ተጭኖ ወደ ምሕዋሩ ተጓዘ። እስከ መጠቀበት ቀን ድረስ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጪ የተደረገበት ይህ መሣሪያ ሥራ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ወራት ሁለት ችግሮች ታዩበት። አንደኛው የዋናው መስታወት ቅርጽ መዛባት ሲሆን ጉዳዩ በወቅቱ በዓለም የዜና ማሠራጫዎች በስፋት ተነግሯል። ሁለተኛው ግን ከባለሙያዎች ውጪ ብዙም አልተወራለትም። ቴሌስኮፑ ከመሬት ጥላ ወደ ፀሐይ ብርሃን በወጣ፣ ከብርሃንም ወደ ጥላ በገባ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር።

በወቅቱ ከመሬት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይዞር የነበረውን መሣሪያ እጅ ሊዳስሰው፣ ጆሮም ሊያደምጠው አይችልም ነበር። መሐንዲሶቹ በእጃቸው የነበረው በሬዲዮ ሞገድ የሚላክላቸው የቁጥር መረጃ ብቻ ነበር። ከዚህ መረጃ በመነሳት የንዝረቱን ምንጭ ለይተው ማውጣት፣ ከዚያም መፍትሔ ማበጀት ነበረባቸው። የሃብልም ሆነ ሌሎች መሰል ገጠመኞች የሚያሳዩት አንድ ነገር አለ። ንዝረት የሚታይበት ቦታና ንዝረት የሚመነጭበት ቦታ ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ምንጩ በትክክል ሳይለይ የሚወሰድ እርምጃም ገንዘብና ጊዜ ከማባከን አልፎ ችግሩን አያስወግድም።

ንዝረት ለምን ያሳስባል?

ንዝረት በመንኮራኩሮች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሮኬቱ በሚመጥቅባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚያጋጥም ሲሆን የአካል ክፍሎችን ሊሰብር፣ ቧንቧዎችን ሊበጥስ፣ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችን ሊያበላሽ ይችላል። ሁለተኛው መንኮራኩሩ ምሕዋሩን ከያዘ በኋላ የሚታይ ነው። ይህኛው በጣም አነስተኛ በመሆኑ አካልን አይሰብርም፤ ነገር ግን መሣሪያው የተላከበትን ሥራ ያበላሻል።

ሃብል ምስል በሚያነሳበት ጊዜ ከ0.007 አርክ ሰከንድ በላይ እንዳይነቃነቅ ታስቦ የተሠራ ነው። አንድ አርክ ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3 ሺህ 600ኛ እጅ ነው። ይህን በምሳሌ ለማስረዳት፣ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ በቀጥታ መስመር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ድሬዳዋ ብርሃን የሚያበራ ሰው የብርሃኑ ጫፍ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም ሳይርቅ አንድ ቦታ ላይ እንዲጸናለት ማድረግ እንደማለት ነው።

መሬትን የሚቃኙ ሳተላይቶችም ከዚህ ችግር ነፃ አይደሉም። በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት በአንድ አርክ ሰከንድ ብቻ ቢዛነፍ የሚያየው ቦታ በመሬት ላይ 3 ሜትር ያህል ይሸሻል። የአንድ ሜትር ስፋት ያለውን ነገር ለይቶ እንዲያሳይ ለተሠራ ካሜራ ይህ መጠን ምስሉን ለማደብዘዝ ከበቂ በላይ ነው።

በምድር ላይ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ኃይሉን ለተቀመጠበት መሬትና ለከበበው አየር እያስተላለፈ ፈጥኖ ይረጋጋል። በህዋ ግን መሬትም ሆነ አየር የለም። አንዴ የተነሳ ንዝረት በመንኮራኩሩ አካል ውስጥ እየተመላለሰ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

የንዝረት ባሕርይና መነሻዎቹ

ማንኛውም አካል ሲነካ የሚንቀጠቀጥበት የራሱ የሆነ የድግግሞሽ መጠን አለው። የክራር አውታሮች እንደ ውጥረታቸው የተለያየ ድምፅ እንደሚሰጡ ሁሉ የመንኮራኩር ክንፎች፣ አንቴናዎችና ምሰሶዎችም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድግግሞሽ አላቸው። ድግግሞሽ የሚለካው በሄርዝ ሲሆን አንድ ሄርዝ በሰከንድ አንድ ጊዜ መመላለስ ማለት ነው።

ከውጭ የሚመጣ ግፊት ከአካሉ የራስ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም እንቅስቃሴው በየምልልሱ እየጨመረ ይሄዳል። ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ ሬዞናንስ ይሉታል። በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሞተሩ አንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ከመስኮቶቹ አንዱ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ አሽከርካሪው ፍጥነቱን ሲቀይር መስኮቱ ጸጥ ይላል። የሚንቀጠቀጠው መስታወቱ ነው፤ ምንጩ ግን ሞተሩ ነው። መስታወቱን በመቀየር ብቻ ችግሩ አይወገድም።

በሮኬት ጉዞ ወቅት ዋነኞቹ የንዝረት መነሻዎች የሞተሮቹ ግፊት መዋዠቅ፣ የሞተሮቹ ኃይለኛ ድምፅ፣ የአየሩ ግፊትና የሮኬቱ ክፍሎች በፈንጂ ኃይል ሲላቀቁ የሚፈጠረው ምት ናቸው። በምሕዋር ላይ ደግሞ የመንኮራኩሩን አቅጣጫ ለማስተካከል በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩ ጎማዎች፣ አንቴናዎችንና የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎችን የሚያዞሩ ሞተሮች፣ የማቀዝቀዣ ፓምፖች፣ በጋን ውስጥ የሚዋልል ነዳጅ እና የሙቀት መለዋወጥ ይጠቀሳሉ። ሰዎች በሚኖሩባቸው ጣቢያዎች የነዋሪዎቹ እንቅስቃሴ ራሱ ምንጭ ይሆናል። በዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ውስጥ ለጠፈርተኞች የተዘጋጀው የመሮጫ መሣሪያ ንዝረቱን ወደ ጣቢያው አካል እንዳያስተላልፍ ተደርጎ የተተከለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ምንጩን ለመለየት የሚከናወኑ ተግባራት

የመጀመሪያው ተግባር መለካት ነው። አክስሌሮሜትር የሚባሉ አነስተኛ መሣሪያዎች በተለያዩ የአካሉ ክፍሎች ላይ ተለጥፈው እያንዳንዱ ቦታ በምን ያህል ኃይል እንደሚንቀጠቀጥ ይመዘግባሉ። አክስሌሮሜትር ባልተተከለባቸው ቦታዎች ጋይሮስኮፖችና ከዋክብትን የሚከታተሉ መሣሪያዎች የሚሰጡት መረጃ ጥቅም ላይ ይውላል።

ሁለተኛው ተግባር የተመዘገበውን ንዝረት በድግግሞሹ መበተን ነው። ንዝረት ሲመዘገብ ብዙ ነገሮች ተደበላልቀው ይታያሉ። ፎሪየር በተባለው የሒሳብ ሊቅ ስም በሚጠራው ስሌት አማካይነት ድብልቁ ወደ ተናጠል ድግግሞሾች ይከፋፈላል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ምንጭ የራሱን አሻራ ያሳያል። ለምሳሌ በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ የሚዞር ጎማ ሚዛኑን በጥቂቱ ከሳተ በ50 ሄርዝ ንዝረት ይፈጥራል። የጎማው ፍጥነት ሲጨምር ንዝረቱም አብሮ ከፍ ካለ ምንጩ ጎማው ስለመሆኑ አስተማማኝ ማስረጃ ይሆናል። የጎማው ፍጥነት ሲቀየር ድግግሞሹ ባለበት ከቀረ ግን የሚታየው የአንድ አካል የራስ ድግግሞሽ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ተግባር ከሰዓት ጋር ማመሳከር ነው። ንዝረቱ የተነሳበት ቅጽበት በመንኮራኩሩ ላይ ከተከናወኑ ተግባራት መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። በዚያች ሰከንድ የትኛው ሞተር ተነሳ? የትኛው አንቴና ዞረ? ፀሐይ ወጣች ወይስ ጠለቀች? የሚሉት ጥያቄዎች ይመለሳሉ። በተቻለ መጠንም የተጠረጠረውን መሣሪያ ለጊዜው በማቆም ንዝረቱ መቅረት አለመቅረቱ ይፈተሻል።

አራተኛው ተግባር ከቅድመ በረራ ፍተሻ ውጤት ጋር ማነጻጸር ነው። መንኮራኩሩ ከመምጠቁ በፊት በሚያናውጥ መድረክ ላይ ተቀምጦ የእያንዳንዱ ክፍል ድግግሞሽ ይመዘገባል፤ በኮምፒዩተር የተሠራው የአካሉ ሞዴልም በዚሁ መሠረት ይታረማል። ይህ መዝገብ በአግባቡ ካልተያዘ ኋላ ላይ የሚታየውን ንዝረት ከአንድ ክፍል ጋር ማያያዝ አስቸጋሪ ይሆናል።

የሃብል ገጠመኝ

በሃብል ላይ የተሠራው ሥራ የእነዚህን ተግባራት ጥቅም በግልጽ ያሳያል። ቴሌስኮፑ መሬትን ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ከ100 ደቂቃ ያነሰ በመሆኑ በአንድ ቀን ውስጥ 30 ጊዜ ያህል ከብርሃን ወደ ጥላ ወይም ከጥላ ወደ ብርሃን ይሻገራል። የጋይሮስኮፖቹ መረጃ ከሰዓት ጋር ሲመሳከር ንዝረቱ ከእነዚህ መሻገሪያዎች ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ። በድግግሞሽ ሲበተን ደግሞ በ0.1 ሄርዝና በ0.6 ሄርዝ አካባቢ ጎልቶ ተገኘ። በ10 ሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመላለስ ቀርፋፋ እንቅስቃሴ ከፈጣን ጎማዎች ሊመጣ አይችልም። ረጅምና ልል የሆነ አካል መሆን አለበት። የቴሌስኮፑ ረጅምና ልል ክፍሎች ደግሞ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ክንፎቹ ነበሩ።

በአውሮፓ የህዋ ድርጅት በኩል የቀረቡት እነዚህ ክንፎች እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለሉና 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሲሆኑ የሚወጠሩት በቀጫጭን የብረት ዘንጎች ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ከዘንጉ አንዱ ጎን ፈጥኖ ይሞቃል፤ ሌላው ጎን ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል። የሞቀው ጎን ስለሚረዝም ዘንጉ ይጎብጣል። ጉብጠቱ በዝግታ ቢከናወን ችግሩ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን በግጭት ምክንያት ተይዞ ይቆይና በድንገት ይለቀቃል። የቆርቆሮ ጣሪያ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘውና ማታ ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው የመንጣጣት ድምፅ የዚሁ ዓይነት ክስተት ውጤት ነው። በሃብል ላይ ይህ ድንገተኛ መለቀቅ 11 ቶን ያህል የሚመዝነውን ቴሌስኮፕ በሙሉ ያወዛውዘው ነበር። አንዳንድ ጊዜም ለአቅጣጫ መጠበቂያ የሚከተላቸው ከዋክብት ከዕይታው ይጠፉ ነበር።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ መፍትሔው በሦስት ደረጃ ተከናውኗል። በመጀመሪያ የአቅጣጫ መቆጣጠሪያው ሶፍትዌር ንዝረቱን እንዲቋቋም ተደርጎ ከምድር ተሻሻለ። ይህም ጉዳቱን ቀነሰ እንጂ ምንጩን አላጠፋም። ቀጥሎም እ.ኤ.አ በዲሴምበር 1993 ኢንዴቨር በተባለችው መንኮራኩር የተጓዙ ጠፈርተኞች ክንፎቹን ለወጧቸው። በአዲሶቹ ክንፎች ላይ ዘንጎቹ ሙቀትን በሚከላከል ሽፋን እንዲለበሱ ተደርጓል። በዚያው ተልዕኮ ከአሮጌዎቹ ክንፎች አንዱ ዘንጉ ጎብጦ መጠቅለል ባለመቻሉ ጠፈርተኛዋ ካትሪን ቶርንተን ወደ ህዋ ለቃዋለች፤ ሁለተኛው ወደ ምድር ተመልሶ ምርመራ ተደርጎበታል። በመጨረሻም እ.ኤ.አ በማርች 2002 የማይጠቀለሉ፣ ጠንካራና መጠናቸው አነስ ያለ ክንፎች ተተከሉ። እነዚህ ክንፎች ከመላካቸው በፊት ኔዘርላንድስ በሚገኘው የአውሮፓ የህዋ ድርጅት የፍተሻ ማዕከል ውስጥ የፀሐይ መውጣትና መጥለቅ በሚመስል የሙቀት ለውጥ ተፈትሸዋል። በ1990 በህዋ ላይ የታየው ችግር በዚህ ጊዜ አስቀድሞ በምድር ላይ እንዲታይ ተደረገ ማለት ነው።

በሮኬቶች ላይ የታየው ንዝረት

ከሃብል በፊትም ተመሳሳይ ጥያቄ በሮኬቶች ላይ ተነስቷል። እ.ኤ.አ በ1962 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ታይታን 2 የተባለው ሮኬት ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ሲንቀጠቀጥ ተስተውሏል። ሮኬቱ ሰዎችን የሚይዙ የጀሚኒ መንኮራኩሮችን እንዲያመጥቅ የታሰበ በመሆኑ ጉዳዩ አሳሳቢ ነበር። ምርመራው እንዳሳየው ችግሩ ከአንድ የተበላሸ ዕቃ የመጣ ሳይሆን የሁለት ጤናማ ክፍሎች መገናኘት የፈጠረው ነው። የሮኬቱ አካል ሲረዝምና ሲያጥር በቧንቧው ውስጥ ያለው ነዳጅ ግፊቱ ይዋዥቃል፤ የነዳጁ ግፊት ሲዋዥቅ የሞተሩ ጉልበት ይለዋወጣል፤ የሞተሩ ጉልበት መለዋወጥም ተመልሶ አካሉን ያናውጣል። ባለሙያዎች ፖጎ ብለው የሰየሙት ይህ ዑደት በነዳጅ መስመሮቹ ላይ ግፊቱን የሚያለዝቡ ማጠራቀሚያዎች በመግጠም እንዲበረድ ተደርጓል።

ያም ሆኖ ችግሩ በሳተርን 5 ሮኬት ላይ ተመልሶ ታየ። እ.ኤ.አ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ያለ ሰው በተደረገው የአፖሎ 6 በረራ ሮኬቱ ከተነሳ ሁለት ደቂቃ ያህል በኋላ ለ30 ሰከንድ ገደማ ተንቀጥቅጧል። በዚሁ በረራ ከሁለተኛው የሮኬቱ ክፍል ሞተሮች አንዱ ወደ ማቀጣጠያው ነዳጅ የሚወስደው ቀጭን ቧንቧ በመበጠሱ ከጊዜው በፊት ጠፍቷል። ያው ዓይነት ቧንቧ በምድር ላይ በተደረጉት ፍተሻዎች ሁሉ ሳይበጠስ ያለፈ ነበር። ምክንያቱ የታወቀው ቧንቧው አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ሲፈተሽ ነው። በምድር ላይ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ነዳጅ ምክንያት በቧንቧው ተጣጣፊ ክፍል ዙሪያ የሚጋገረው አመዳይ ንዝረቱን ያፍን ነበር። አየር በሌለበት ህዋ አመዳይ የለም፤ ስለሆነም ቧንቧው ያለ አፋኝ ተንቀጥቅጦ ተበጠሰ። በፍተሻው ወቅት ችግሩን የደበቀው የፍተሻው ቦታ ራሱ ነበር።

ሁለቱም ምክንያቶች ተለይተው በመታረማቸው የዚያው ሮኬት ቀጣይ በረራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ በዲሴምበር 1968 የተካሄደው አፖሎ 8፣ ሦስት ሰዎችን ይዞ ጨረቃን ዞሮ ተመልሷል። ሆኖም እ.ኤ.አ ኤፕሪል 11 ቀን 1970 አፖሎ 13 ሲመጥቅ የሁለተኛው ክፍል መካከለኛ ሞተር በ16 ሄርዝ በኃይል በመንቀጥቀጡ ከታቀደለት ሁለት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ጠፍቷል። ቀሪዎቹ አራት ሞተሮች ረዘም ላለ ጊዜ በመሥራት ጉድለቱን ሸፍነዋል። ይህ ክስተት ከሁለት ቀናት በኋላ በኦክስጅን ጋን ላይ ከደረሰው ፍንዳታ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ከአፖሎ 14 ጀምሮ በመካከለኛው ሞተር መስመር ላይም ማለዘቢያ ተገጥሟል።

የንዝረት ምንጭ ሁልጊዜ የሚዳሰስ ዕቃ ላይሆንም ይችላል። እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 14 ቀን 2009 የዓለም አቀፉን የህዋ ጣቢያ ምሕዋር ከፍ ለማድረግ የዝቬዝዳ ክፍል ሞተሮች ሲነሱ ጣቢያው ከተለመደው በላይ ተወዛውዞ ነበር። በምርመራ የተገኘው ምንጭ በመቆጣጠሪያው ሥርዓት ውስጥ የገባ ትክክል ያልሆነ ቁጥር ነው። ሞተሮቹን አቅጣጫ የሚያስይዘው ትዕዛዝ ከጣቢያው የራስ ድግግሞሽ ጋር በመግጠሙ ውዝዋዜውን ከማረጋጋት ይልቅ አባብሶታል።

ፍተሻን የማቋረጥ ውሳኔ

ምንጭን የመለየት ሥራ መንኮራኩሩ ከምድር ሳይነሳ ሲከናወን ወጪው በእጅጉ ያነሰ ነው። የዚህ ማስረጃ ጄምስ ዌብ የተሰኘው ቴሌስኮፕ ነው። እ.ኤ.አ ዲሴምበር 3 ቀን 2016 ቴሌስኮፑ በሜሪላንድ ግዛት በሚገኘው የናሳ ጎዳርድ ማዕከል በሚያናውጥ መድረክ ላይ ሲፈተሽ በአካሉ ላይ የተለጠፉት አክስሌሮሜትሮች ያልተጠበቀ ምልክት መዘገቡ። ፍተሻው እንዲቆም ተደረገ። በዓይን የሚታይ ጉዳት አልተገኘም፤ ነገር ግን ምንጩ ሳይታወቅ ፍተሻውን መቀጠል አልተፈቀደም።

በቀጣዮቹ ሳምንታት በተደረገው ምርመራ ምልክቱ የመጣው ከታጠፉት የመስታወት ክንፎች አንዱን ለበረራ አስረው ከያዙት ማሰሪያዎች እጅግ አነስተኛ እንቅስቃሴ መሆኑ ተረጋገጠ። ፍተሻው እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2017 ቀጥሎ ተጠናቀቀ። ቴሌስኮፑም እ.ኤ.አ ዲሴምበር 25 ቀን 2021 መጥቆ ሥራውን ጀምሯል። ጄምስ ዌብ የሚሠራው ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ በመሆኑ ሃብልን እንደጠገኑት ያሉ ጠፈርተኞች ሊደርሱለት አይችሉም። የጥቂት ሳምንታት መዘግየት የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እንደሚባለው በፍተሻ ላይ የታየን ጥቃቅን ምልክት አሳንሶ ማለፍ ኋላ ላይ የማይጠገን ጉዳት ያስከትላል።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

ኢትዮጵያ ከቻይና ጋር በመተባበር የተሠራችውን የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የታይዩዋን ማምጠቂያ ጣቢያ አምጥቃለች። 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው ይህች ሳተላይት ለግብርና፣ ለደን፣ ለውኃ ሀብትና ለአካባቢ ጥበቃ የሚያገለግል መረጃ እንድትሰጥ የተዘጋጀች ነበረች። እንዲህ ያሉ ሳተላይቶች የሚሰጡት መረጃ ጥራት ከካሜራው ባሻገር ካሜራውን በተሸከመው አካል መረጋጋት ላይ ይመሠረታል። ስለሆነም ሳተላይት ወይም የሳተላይት ምስል ለመግዛት ውል የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች የካሜራውን የማየት አቅም ብቻ መጠየቃቸው በቂ አይሆንም። አካሉ በንዝረት ፍተሻ ያሳየውን ውጤት፣ ጎማዎቹ የሚፈጥሩትን የንዝረት መጠንና ይህንኑ ለመግታት የተወሰደውን እርምጃ የሚያስረዳ ሰነድ ርክክብ ውስጥ እንዲካተት ማድረግ ይገባቸዋል። የፍተሻው መዝገብ በአገር ውስጥ ባለሙያዎች እጅ መገኘቱም ሳተላይቱ በምሕዋር ላይ እያለ እክል ቢያጋጥመው ምንጩን ለመፈለግ ያስችላል።

ከላይ የተጠቀሱት ገጠመኞች በሙሉ የሚጋሩት አሠራር አለ። በሃብል ላይ መስታወቱ ቀድሞ ስሙ የጠፋ ቢሆንም የውዝዋዜው ምንጭ ክንፎቹ ነበሩ። በታይታን 2 ላይ ሞተሩም ሆነ አካሉ ለየብቻቸው ደህና ነበሩ። በአፖሎ 6 ላይ ቧንቧው ፍተሻውን ያለፈ ነበር። በሁሉም ዘንድ መፍትሔው የተገኘው በግምት ክፍል ከመቀየር ወይም ተጠያቂ ከመፈለግ አስቀድሞ መለካት፣ ማመሳከርና ምንጩን በማስረጃ ማረጋገጥ በመቅደሙ ነው።